ቴርሞስታቱ ወልቆ የተጣለበት ሃይሉክስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ተሽከርካሪ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተሠራች፣ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ያላት ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ከገዛኋት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ይልቁንም በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ አስነሥቼ ግማሽ ሰዓት ብነዳትም የሙቀት ጌጁ ቀስት ከታችኛው ጠርዝ አይነሣም፤ የጋቢናው ማሞቂያም የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ናፍጣም በጣም ትበላለች። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ግን ጣርማ በርን በምወጣበት ጊዜ ቀስቱ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ቆሜ አብርጃታለሁ። መካኒክ ባሳይ ቴርሞስታቱ ቀድሞ እንደ ወጣ ነገረኝና «ለእኛ አገር አያስፈልግም፣ እንኳንም ወጣ» አለኝ። ቴርሞስታቱ ይመለስ ወይስ ይቅር? የሚመለስ ከሆነስ ራሴ በግቢዬ ውስጥ ልገጥመው እችላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ለሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልሴ አዎ ነው። ቴርሞስታቱ መመለስ አለበት፤ ቁልፍ የመያዝ ልምድ ካለዎትም ራስዎ ሊገጥሙት ይችላሉ። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚለው አባባል በየጋራዡ ከአለቃ ወደ ረዳት ሲወርድ የኖረ በመሆኑ መካኒክዎን አልወቅስም። አባባሉ ግን ስሕተት ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ ደግሞ ስሕተትነቱ በየማለዳው በጌጁ ላይ ይታያል።

የገለጹልኝ ሁለት ምልክቶች፣ ማለትም ጠዋት አለመሞቅና ዳገት ላይ መጋል፣ እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የቆመ በር ነው። መሐሉ ላይ ባለችው ትንሽ የብረት እንክብል ውስጥ ሰም ታሽጎባታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ዝግ ስለሚሆን ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በማለፊያው ቱቦ እየተመለሰ በሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል፣ ቶሎም ይሞቃል። ሙቀቱ በቴርሞስታቱ ላይ ወደ ታተመው ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 82 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ስለሚሰፋ ዘንጉን ገፍቶ በሩን ይከፍታል። በሩ በሌለበት መኪና ግን ገና ከመነሣቱ ጀምሮ ውሃው በራዲያተሩ በኩል ስለሚያልፍ፣ በውርጭ ጠዋት የሞተሩ ሙቀት በሙሉ ለአየሩ ይበተናል ማለት ነው። የእርስዎ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍሰውም ለዚህ ነው፤ ማሞቂያው የሚያሞቀው በዚሁ የሞተር ውሃ ነውና።

የዳገቱን መጋል ለመረዳት ደግሞ ቴርሞስታቱን ገልበጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ከሞላው በታች ሌላ ትንሽ ሳህን አላቸው። ዋናው በር ሲከፈት ይህች ሳህን ወርዳ የማለፊያውን ቀዳዳ ትደፍናለች፤ ከዚያ በኋላ የጋለው ውሃ ወደ ራዲያተሩ ከመሄድ በስተቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ሲወጣ አብሮ የሚወጣው የማለፊያው መዝጊያም ጭምር ነው። ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በማለፊያው በኩል ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ቴርሞስታት ያለው ሞተር ቢግል እንኳ ቴርሞስታቱን ማውጣት የማቀዝቀዝ አቅሙን እንደሚቀንስ ያስጠነቅቃሉ። ብዙ ባለመኪናዎች መፍትሔ መስሏቸው የሚያስወጡት ዕቃ የችግሩ አንድ ምክንያት ሆኖ መገኘቱ በጣም ያሳዝነኛል፤ ዕቃው ከአንድ ጉዞ ናፍጣ ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ያለው ነውና።

ቀዝቅዞ መሥራት ጉዳት የሌለው የሚመስላቸው አሉ። ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ወደ ዘይቱ ገብቶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱም ወፍሮ ስለሚቆይ የሲሊንደሩ ግድግዳና ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ቶሎ ይበላሉ። ፒክአፕዎ ናፍጣ የምትበላበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ደጋው ላይ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 የሚል ቁጥር የታተመበት ደህና ክዳን ንጹሕ ውሃን ደብረ ብርሃን ላይ እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀና የተሰነጠቀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማይዝ የእርስዎ ሞተር 90 ዲግሪ ላይ እንደ ጀበና ይገነፍላል። እንግዲህ ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ሽንኩርት ጭኖ፣ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ለግፊት ማጣት ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ያስቡት። ቴርሞስታቱን ሲገዙ ክዳኑንም አብረው ይግዙ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይሻላል ብለው 1.1 የሚለውን እንዳይወስዱ፤ ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ቱቦ የተሠሩት ለዚያ ግፊት አይደለም።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሡና ውሃውን ይመልከቱ። አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይ ቡና በወተት የሚመስል ነገር ካዩ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ወይም ቴስታታው ራሱ ተጎድቷልና አዲስ ቴርሞስታት አያድነውም። እንዲህ ካለ ምልክት ጋር መንዳትዎን ያቁሙና ወደ ጋራዥ ይሂዱ። የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በሣር ገለባ መደፈኑን፣ ቬንቲላተሩም (ማራገቢያው) በጋለ ሞተር ላይ በኃይል መንፈሱን ማየት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ዕቃውን በሞተሩ ስም ይጠይቁ፤ «የሃይሉክስ» ብቻ ካሉ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች ወይም በቤንዚኖቹ መካከል ሊሳሳቱ ይችላሉ። የእርስዎ 3ኤል 2,779 ሲሲ ነው፤ ስሙንም ሞተሩ ላይ ያገኙታል። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲደርሱ ከሌላ ሞተር የወጣ አሮጌ ቴርሞስታት ቢያቀርቡልዎ ይለፉት፤ የሰሙን ዕድሜ ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም። አዲሱን ሲመርጡ የታችኛዋ ሳህን መኖሯን፣ 82 የሚለው ወይም ለሞተርዎ የተጻፈው ቁጥር መታተሙን፣ የጎማ ቀለበቱም አብሮ መኖሩን ይመልከቱ።

ቤት ሲገቡ ከመግጠምዎ በፊት በድስት ይፈትሹት። ይህ ፈተና በየቦታው ይመከራል፤ ደጋ ላይ ግን ሳይታወቅ ሰውን ያሳስታል። 82 የታተመበት የቶዮታ ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምርና 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ 8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይከፈታል። የእርስዎ ድስት ግን የቱንም ያህል ቢነድ ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም! ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቢቀር ዕቃው አልተበላሸም፤ ግማሽ ያህል ከተከፈተና ከውሃው ሲያወጡት ቀስ ብሎ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ይበቃዎታል። እንደ እርስዎ ባሉ ከተሞች ስንት ደህና ቴርሞስታት «አይከፍትም» ተብሎ እንደ ተጣለ ሳስብ ይቆጨኛል። ቴርሞስታቱን በሲባጎ አንጠልጥለው የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ ያድርጉ፤ መቀመጫው ከውሃው ይልቅ ስለሚግል ፈተናውን ያበላሽብዎታል። ሙቀቱን ከፍ ለማድረግ ብለው ደግሞ በዘይት አይፈትሹት፤ ዘይት የጎማ ቀለበቱን ይጎዳል።

ለሥራው የሚያስፈልግዎ በአብዛኛው ባለ 12 ቁልፍ፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ለመፍታት ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ጨርቅ ነው። መኪናዋ አድራ በበነጋው ጠዋት ይጀምሩ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅዎ ጨመቅ አድርገው ያልገፋዎትና ያልሞቀ ከሆነ ብቻ ክዳኑን ይክፈቱ፤ በጋለ ሞተር ላይ ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አይቻለሁ፣ ጠባሳው ዕድሜ ልክ አይጠፋም። ከዚያ ሳፋውን ከራዲያተሩ ሥር አድርገው የታችኛውን መክፈቻ ይፍቱ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ሦስት ሊትር ያህል ማፍሰስ ይበቃል፤ እንደ ሸክላ የቀላ ከሆነ ግን ሁሉንም አፍስሰው፣ ውሃ እየሞሉ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግመው ይጠቡት። ያፈሰሱትን በመለኪያ ይለኩ፤ በኋላ የሚሞሉት በዚያው ልክ ነው። የሚፈሰው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ያለበት ከሆነ ሳፋውን ለአፍታም ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻ፣ ዶሮና ሕፃን ይስባል።

ከራዲያተሩ አናት የሚነሣውን ወፍራም ቱቦ ተከትለው ወደ ሞተሩ ሲሄዱ የሚደርሱበት የብረት ክርን የቴርሞስታቱ ሽፋን ነው። ፋሼታውን አላልተው ቱቦውን ሲነቅሉ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፤ ግራና ቀኝ እየጠመዘዙ ያላቁት። ቡሎኖቹን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ይፍቱና ሽፋኑን ያንሡ። ባዶ ጉድጓድ ያገኛሉ፤ በእርስዎ መኪና ላይ እንግዳ አይሆንብዎትም። የድሮውን ሲሊኮንና ዝገት ከሁለቱም ፊቶች ያጽዱ፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ጉድጓዱን በጨርቅ ይድፈኑ፣ ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበት ክብ ጎድጎድ ዙሪያውን በጥፍር ሲዳስሱት ልስልስ ማለት አለበት።

አሁን የአቀማመጡን ነገር ልብ ይበሉ። ሞላውና የሰሙ እንክብል ወደ ሞተሩ፣ ማለትም ወደ ሙቁ ውሃ መግባት አለባቸው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ሰሙ ሙቀቱን በወቅቱ አያገኝም፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን ያለባት ቀዳዳ አለች። ስትነካኳት ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። አየር የሚወጣው በእርሷ በኩል ስለሆነ በላይ በኩል ትሁን። የጎማ ቀለበቱን በጠርዙ ዙሪያ አልብሰው ቴርሞስታቱን ጎድጎዱ ውስጥ ሲያስቀምጡት ጠልቆ ይገባል፤ ጫፉ ወጣ ብሎ ከቀረ ሽፋኑን አያጥብቁ፣ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ይሰነጠቃል። ቡሎኖቹን በጣት አስገብተው በአጭር ቁልፍ እየተፈራረቁ ያጥብቁ፤ ረጅም እጀታ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲሞሉ ግማሽ ኩላንትና ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ ቢያደርጉት ከዝገትም ከውርጭም ይከላከልልዎታል፤ የሚፈላበትንም ሙቀት ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ትንሽ ዳገት ላይ ያቁሟት፤ የጋቢናውን ማሞቂያ ወደ ሙቅ አዙረው፣ ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ያሠሩት። አየር እየተንፈቀፈቀ ሲወጣ ይጨምሩለት። የላይኛው ቱቦ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት አይዘግዩ፤ ከባሕር ጠለል በዚህን ያህል ከፍታ ላይ ክዳኑ ሳይዘጋ በ82 ዲግሪና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነውና፣ እስከ አፉ ሞልተው ወዲያው ይዝጉት።

በሚቀጥለው ማለዳ ቀስቱ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል ሲጠጋና ቆሞ ሲቀር፣ ከማሞቂያውም ሙቅ አየር ሲመጣ ሥራዎ ሠምሯል። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ውሃውን ይመልከቱ፤ የቀረው አየር ሲወጣ ጥቂት ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት በመጀመሪያ ሲወርዱ ጭነቱን ቀነስ ያድርጉ። ቴርሞስታቱም ክዳኑም አዲስ ሆነው ጣርማ በር ላይ አሁንም ከጋለ ራዲያተሩ በውስጥ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን በግቢ ውስጥ የሚጠናቀቅ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው ሰመራ ነው። ብርድ የሚባል ነገር ስለሌለ ቴርሞስታት ለደገኞች ብቻ የሚሆን አይመስልዎትም? (ከሰመራ)

መልስ፦ አይመስለኝም። የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ሞተሩ ሊሠራ ከሚገባው ሙቀት ግማሽ ያህሉ ነው፤ ስለዚህ በሩ በሰመራም ሥራ አለው። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ስለሚቆይ ማቀዝቀዙን አያግድብዎትም፤ የማለፊያውን ቀዳዳ የምትደፍነውን ሳህን ደግሞ ከደጋው ሰው ይልቅ እርስዎ በጣም ይፈልጓታል። ሰመራ ዝቅ ያለ ቦታ በመሆኑ ውሃው የሚፈላው 98 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በድስት የሚደረገው ፈተና በእናንተ ዘንድ አያሳስትም፤ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ልታዩት ይገባል።

ጥያቄ፦ በአሮጌ ሃይሉክስ ላይ የቴርሞስታቱን ሽፋን ስፈታ አንዱ ቡሎን ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ በእኔም እጅ ላይ ደርሷል። ለሃያ ዓመት ያህል ተፈትቶ የማያውቅ ቡሎን በረጅም ቁልፍ ስጎትተው እንደ ሸንኮራ ቀሽ ብሎ ተሰበረ፤ ድምፁ አሁንም በጆሮዬ አለ። ቁራጩ ጥቂት ወጣ ብሎ ከታየ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ በማግሥቱ አጥብቆ ነክሶ በሚይዝ ፒንሳ ጨብጠው መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው እያወዛወዙ ያውጡት። ከፊቱ ጋር እኩል ሆኖ ወይም ጠልቆ ከተሰበረ ግን በቤት መሰርሰሪያ አይሞክሩት፤ መሰርሰሪያው ከጠንካራው ቁራጭ ላይ ተንሸራትቶ ለስላሳውን ብረት ይበላና ጥርሱን ያጠፋዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሰው፣ ሽፋኑን በቦታው መልሰው መኪናውን ሳያስነሡ ያቁሙትና ከቶርኖ ቤት ባለሙያ ወደ ግቢዎ ያስመጡ። ሌላኛውን ቡሎን ብቻ አስረው ሲሊኮን በመቀባት ለመንዳት እንዳያስቡ፤ ሽፋኑ በግፊት ጊዜ በአንድ ወገን ተነሥቶ ውሃውን ባላሰቡበት መንገድ ላይ ያፈስብዎታል። ገና ያልጀመሩ አንባቢያን ደግሞ ዘይቱን ከሥራው ዋዜማ ቡሎኖቹ ላይ ይርጩ፤ ሲፈቱም በመጀመሪያ የፀጉር ስፋት ያህል ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርገው ዝገቱ ሲላቀቅ ከተሰማቸው በኋላ ወደ መፍቻው ያዙሩት።